ቡድናችሁ ሲሸነፍ ሁሉንም ነገር አትቀይሩ!

እኔ የ7ኛ ለ ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። ባለፈው እትም ስለ ውሃ ብክነት ጽፌ ነበር። ብዙዎቻችሁ «ጥሩ ነው ግን ይደርቃል» ስላላችሁኝ ዛሬ ስለምትወዱት ነገር ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ስለ ኳስ ነው። ግን በእግር ስለሚመታው ኳስ ሳይሆን በጭንቅላት ስለሚመራው ነው።

በክፍላችን ብዙ ልጆች ኦንላይን ሶከር ማናጀር የሚባለውን የስልክ ጌም ይጫወታሉ። በአጭሩ ኦኤስኤም እንለዋለን። በኔዘርላንድ አገር የተሠራ ጌም ነው። ለማታውቁት ላስረዳ። በዚህ ጌም ላይ ሯጩም መቺውም እናንተ አይደላችሁም፤ እናንተ አሰልጣኝ ናችሁ። ማን እንደሚሰለፍ፣ በምን አሰላለፍ እንደሚጫወት፣ ያጥቃ ወይስ ይከላከል ብላችሁ ትወስኑና ትተዉታላችሁ። ጨዋታው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚካሄደው። ሰዓቱ ሲደርስ ጌሙ ራሱ ሁለቱን ቡድኖች ያጋጥምና ውጤቱን ይነግራችኋል። ስለዚህ ጣት ፈጣን ስለሆነ ማንም አያሸንፍም። የሚያሸንፈው አስቦ ያዘጋጀ ነው።

እኛ አራት ጓደኛሞች አንድ ሊግ ከፈትን። የእንግሊዝ ሊግ ነው፤ 20 ቡድን፣ 38 ጨዋታ። ቡድን ለመምረጥ ዕጣ አወጣን። አንዱ ማንቸስተር ሲቲን፣ አንዱ አርሰናልን፣ አንዱ ሊቨርፑልን ያዘ። እኔ መጨረሻ ወጣሁና ኤቨርተንን ያዝኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስማችን መጠራራት ቀረ፤ «ሲቲ»፣ «አርሴ»፣ «ሊቨር» ተባባልን። እኔን ግን ኤቨርተን ብለው የጠሩኝ ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስሜ «የነጥብ ለጋሽ» ሆነ።

ምክንያቱም ከመጀመሪያዎቹ 8 ጨዋታዎች 6ቱን ተሸነፍኩ፣ አንዱን አቻ ወጣሁ፣ አንዱን ብቻ አሸነፍኩ። በ4 ነጥብ 19ኛ ነበርኩ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ስንቆም አርሴ ከኋላዬ ሆኖ «ዛሬ ለማን ትለግሳለህ?» ይለኛል። ልጆች ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። ማታ እንቅልፍ ያጣሁበት ቀንም አለ።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር መጣ። የምጫወተው በእማዬ ስልክ ነው። ስሸነፍ ስልኩን ቶሎ ቶሎ እየወሰድኩ ስነካካ በሒሳብ ፈተና ከ20 9 አመጣሁ። እማዬ ወረቀቱን አይታ ምንም አልጮኸችም። ዝም ብላ ስልኩን ከእጄ ተቀበለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አልሰጠችኝም። በእነዚያ ሁለት ቀን ቡድኔ ያለ አሰልጣኝ ገባ። ጉዳት ላይ ያለ አጥቂ ተሰልፎ 4 ለ 0 ተሸነፍኩ። በሦስተኛው ቀን ለምኜ ስምምነት አደረግን። የቤት ሥራዬን ጨርሼ ካሳየኋት በኋላ ማታ 20 ደቂቃ። ከ20 ደቂቃ አንድም አትጨምርም።

ይኼ 20 ደቂቃ ነው ያዳነኝ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ስሸነፍ ወዲያው ስልኩን ከፍቼ ሁሉንም ነገር እቀይር ነበር። አሰላለፉን፣ አጨዋወቱን፣ ተጫዋቾቹን፣ ሁሉንም። አሁን ግን 20 ደቂቃ ብቻ ስላለኝ ቀኑን ሙሉ ማሰብ ያለብኝ ያለ ስልክ ነው። ስለዚህ የድሮ ደብተሬን ባዶ ገጾች ወስጄ አሰመርኩባቸው። ተጋጣሚ፣ ሜዳ (የኔ ወይስ የሱ)፣ አሰላለፍ፣ አጨዋወት፣ የግብ ሙከራ፣ ውጤት ብዬ ስድስት አምድ ሠራሁ። ያለፉትን ጨዋታዎች ከጌሙ ላይ እያየሁ ሞላሁት። ሞልቼ ሳየው ደነገጥኩ። በ9 ጨዋታ 7 ዓይነት አሰላለፍ ተጠቅሜያለሁ! የትኛው ጥሩ፣ የትኛው መጥፎ እንደሆነ በምን ልወቅ?

በዚያው ሳምንት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ባቄላ በሁለት ቆርቆሮ ዘርተን ነበር። አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን ጨለማ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥን። አንድ ልጅ ጨለማ ውስጥ ያለውን ውሃ ሳያጠጣው ሊቀር ሲል መምህራችን ከለከሉት። «ብርሃኑንም ውሃውንም ከቀየርክ የትኛው እንዳደረቀው በምን ታውቃለህ? አንዱን ብቻ ቀይር፤ ሌላውን እኩል አድርግ» አሉ። እኔ ባቄላውን ትቼ ኤቨርተንን ማሰብ ጀመርኩ። (መምህራችን ይህን ካነበቡ ይቅርታ!)

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1ኛ. አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ

አንድ አሰላለፍ ያዙና ቢያንስ ሦስት ጨዋታ አትልቀቁት። አንድ ጊዜ መሸነፍ ታክቲኩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ተጋጣሚው ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ ዕድልም አለ። ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ችግር ካያችሁ ግን ችግሩ እውነት ነው። ያኔ አንዱን ብቻ ነክታችሁ ሌላውን እንዳለ ተዉት። ከተሻለ ምክንያቱን አወቃችሁ ማለት ነው። ካልተሻለ ወደ ቦታው መልሳችሁ ሌላውን ሞክሩ።

2ኛ. አሰላለፍ የመደመር ሒሳብ ነው

4-3-3 ማለት 4 ተከላካይ፣ 3 አማካይ፣ 3 አጥቂ ነው። 4-4-2፣ 5-3-2፣ 3-5-2 ሁሉም ሲደመሩ 10 ናቸው፤ በረኛው አይቆጠርም። ስለዚህ አንድ ቦታ ሰው ስትጨምሩ ከሌላ ቦታ ትቀንሳላችሁ። በነፃ የሚገኝ ሰው የለም። እኔ መጀመሪያ 3-3-4 እጫወት ነበር፤ አራት አጥቂ ካለኝ ብዙ ጎል አገባለሁ ብዬ። ግን ኳሱ ለአጥቂዎቹ የሚደርሰው በአማካይ በኩል ነው። አማካዮቼ ሦስት ብቻ ስለነበሩ ኳስ አያገኙም። አራቱ አጥቂ ፊት ቆመው ይጠብቃሉ፤ ኋላ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ያለቅሳሉ።

ሌላው ያላችሁን ሰው አይታችሁ አሰላለፍ ምረጡ። ጥሩ የክንፍ ተጫዋች ሳይኖራችሁ «ባርሴሎና 4-3-3 ስለሚጫወት» ብላችሁ አትጫወቱ። ሱሪ ገዝቶ እግርን በልኩ መቁረጥ ነው የሚሆነው። የኔ ቡድን ጠንካራው ቦታ አማካይ ነበር፤ ሁለት አጥቂ ይበቃኛል ብዬ 4-4-2 ላይ ተቀመጥኩ።

3ኛ. አጨዋወቱ ከተጋጣሚ ጋር ይመዘን

ጌሙ አምስት ዓይነት አጨዋወት ይሰጣችኋል። ኳስ እየተቀባበሉ መጫወት፣ በክንፍ ማጥቃት፣ ረጅም ኳስ፣ ክፍተት ሲገኝ ወዲያው ወደ ግብ መምታት እና መልሶ ማጥቃት። ሁላችንም ቅብብሉን እንወዳለን፤ ለዓይን ያምራል። ግን ከእናንተ የሚበልጥ ቡድን ሲመጣ ኳስ ልቆጣጠር ማለት ከሀብታም ጋር ብር እንቆጣጠር እንደ ማለት ነው። ኳሱ የሱ ይሁን፤ እናንተ ቤታችሁን ዘግታችሁ ጠብቁ፤ ወጥቶ ሲመጣ ከኋላው ባዶ ቦታ አለ። ያኔ በፍጥነት ሂዱ። መልሶ ማጥቃት ማለት ይኼ ነው።

ይህ በስልክ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። ሌስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015/16 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሳው በዚህ መንገድ ነው። አሰልጣኙ ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ራኒዬሪ ነበር። 4-4-2 ይሰለፋሉ፣ ኳሱን ለተጋጣሚ ይተዋሉ፣ ከዚያ ካንቴ ይነጥቃል፣ ማህሬዝ ወይም ሌላው ያቀብላል፣ ቫርዲ ይሮጣል። በ81 ነጥብ ጨረሱ፤ ሁለተኛ የወጣው አርሰናል 71 ነበረው። 10 ነጥብ ልዩነት! (አርሴ ይህን አንቀጽ ደጋግመህ አንብበው።)

የኛም አገር ምሳሌ አለ፤ እሱ ግን ያማል። አባዬ ነው የነገረኝ። በ2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፈው ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። ከዛምቢያ ጋር በረኛችን በቀይ ወጥቶብን በ10 ሰው 1 ለ 1 አቻ ወጣን። ቀጥሎ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ስንጫወት ደግሞ በተራው የነሱ በረኛ በቀይ ወጣ። ያኔ 1 ለ 0 እየተመራን ነበር። አባዬ «አሁንማ አለቀላቸው ብለን ቤቱ በጩኸት ተናጋ» ይላል። ግን በ10 ሰው ሆነው ሦስት ጎል ጨመሩብን፤ 4 ለ 0 ተሸነፍን። አባዬ እንደሚለው እኛ ጎል ፍለጋ ሁላችንም ወደ ፊት ስንወጣ ኋላችን ባዶ ሆነ። እነሱ ፈጣኖች ነበሩ። ከዚህ የተማርኩት ተጋጣሚ ሰው ስለጎደለው ብቻ በር ክፍት አድርጎ መውጣት እንደሌለብን ነው።

4ኛ. ሦስቱ መለኪያዎች አይጣሉ

ጌሙ ላይ ከ0 እስከ 100 የሚንሸራተቱ ሦስት መለኪያዎች አሉ። አንዱ ተጋጣሚን ምን ያህል እንደምታስጨንቁ ነው (ፕሬሲንግ)። ሁለተኛው ምን ያህል ለማጥቃት እንደምታደሉ ነው። ሦስተኛው የጨዋታው ፍጥነት ነው። እኔ ሦስቱንም 100 አደርግ ነበር፤ ቆራጥ አሰልጣኝ የሆንኩ መስሎኝ። ግን አስቡት፤ እኛ ራሳችን በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምረን ብንሮጥ ደወሉ ሳይደወል እንወድቃለን።

ዋናው ነገር ሦስቱ እርስ በርስ መስማማታቸው ነው። መልሶ ማጥቃት መርጣችሁ የማጥቃት መለኪያውን 90 ብታደርጉት አንድ እጃችሁ በሩን ሲዘጋ ሌላው ይከፍተዋል። እኔ ለጠንካራ ተጋጣሚ ማጥቃቱን ዝቅ፣ ፍጥነቱን ከፍ፣ ጫናውን መካከለኛ አደረግኩ። ከኔ ለሚያንስ ቡድን በሜዳዬ ስጫወት ደግሞ ማጥቃቱንና ጫናውን ከፍ አደርጋለሁ። ትክክለኛውን ቁጥር አልነግራችሁም፤ የናንተ ተጫዋቾች የኔ ስላልሆኑ አይጠቅማችሁም። በደብተራችሁ ፈልጉት።

5ኛ. የኦፍሳይድ ወጥመድ ሁለት ስለት ነው

ወጥመዱ የሚሠራው ተከላካዮች ሁሉ እኩል ወደ ፊት ሲወጡ ነው። ያኔ የተጋጣሚ አጥቂ ከኋላቸው ይቀርና ኦፍሳይድ ይሆናል። ግን ከአራቱ አንዱ ቢዘገይ አጥቂው ኦፍሳይድ አይደለም፤ በረኛችሁ ብቻውን ቀረ። ስለዚህ ተከላካዮቻችሁ ከተጋጣሚ አጥቂዎች የተሻሉ ካልሆኑ አጥፉት። እኔ ሳጠፋው የሚገቡብኝ ጎሎች ቀነሱ።

6ኛ. ዳኛውን ሳታዩ አትግቡ

ከጨዋታው በፊት የዳኛው ቁጣ በቀለም ይታያል። አረንጓዴ ከሆነ ለስላሳ ነው፤ ቀይ ከሆነ ቆፍጣና ነው። አንድ ጊዜ ይህን ሳላይ ከሊቨር ጋር ስጫወት ተጫዋቾቼ ኃይለኛ ታክል እንዲገቡ አዘዝኩ። ዳኛው ቀይ ነበር። ሁለት ቀይ ካርድ አየሁ፤ 3 ለ 0 ተሸነፍኩ፤ ቅጣቱም ለሚቀጥለው ጨዋታ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ዳኛውን ነው።

7ኛ. ከውጤቱ ይልቅ ቁጥሩን አንብቡ

ይህ ለኔ ትልቁ ትምህርት ነው። ከጨዋታ በኋላ ጌሙ የግብ ሙከራና የኳስ ቁጥጥር ያሳያል። 1 ለ 0 ተሸንፋችሁ 15 ሙከራ ካደረጋችሁ ቡድናችሁ ጥሩ ተጫውቷል፤ አትንኩት። ምናልባት አጥቂው ነው የሚቀየረው። በተቃራኒው 1 ለ 0 አሸንፋችሁ ተጋጣሚ 18 ጊዜ ከሞከረባችሁ አትጨፍሩ፤ በረኛው ነው ያዳናችሁ። ነገ ላያድናችሁ ይችላል። ኳሱን ብዙ ይዛችሁ ሙከራችሁ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ኳሱን ኋላ ነው የምታሽከረክሩት፤ ወደ ፊት የሚያደርስ ሰው ይጎድላችኋል።

ልምምድ ማሠራትና የደከመ ተጫዋች ማሳረፍም አለ። እሱን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ብቻ በየቀኑ አንድ ጊዜ ግቡ፤ የተጎዳና የተቀጣ ሰው ካለ አውጡ። እኔ በዚህ ነው 4 ለ 0 የተሸነፍኩት።

ታዲያ ውጤቱ ምን ሆነ?

ከዚያ በኋላ ባሉት 10 ጨዋታዎች 5 አሸነፍኩ፣ 3 አቻ ወጣሁ፣ 2 ተሸነፍኩ። ሲቲን አላሸነፍኩም፤ አልዋሽም። ሊጉ ሲያልቅ 8ኛ ሆንኩ። ሲቲ 1ኛ ወጣ። አርሴ 3ኛ ነው። ግን በሁለተኛው ዙር ከአርሴ ጋር በሱ ሜዳ ስንገናኝ ኳሱን ለሱ ሰጥቼ፣ ወጥመዱን አጥፍቼ፣ ዳኛውን አይቼ ገባሁ። 4 ጊዜ ብቻ ሞክሬ 1 ለ 0 አሸነፍኩ። በማግስቱ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ድምፅ አልነበረም። ዞር ስል አርሴ «ያንን ደብተር እስቲ አሳየኝ» አለኝ።

ሌላም ነገር አለ። በክፍል ለክፍል ውድድር ከ8ኛ ሀ ጋር ስንጫወት 5 ለ 0 ተሸንፈን ነበር። እኔ ተቀያሪ ስለሆንኩ ውጪ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ኳሷ የሄደችበት ሁላችንም እንደ ንብ መንጋ እንሄዳለን፤ ኋላ ማንም የለም። ለመልሱ ጨዋታ ለካፒቴናችን በወረቀት ስዬ ሰጠሁት። «ሁለት ሰው ምንም ቢመጣ ከኋላ አይውጣ፤ አንድ ፈጣን ልጅ ፊት ይቅር፤ ሌላው ቦታውን ይያዝ» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ «ይኼ ስልክ አይደለም» አለ። ግን ሞከረው። 2 ለ 1 ተሸነፍን። አዎ፣ ተሸነፍን። ሆኖም ጎል ያገባነው በመልሶ ማጥቃት ነው፤ 8ኛ ሀዎች እስከ መጨረሻው ደቂቃ ፈርተው ነበር። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን «ዛሬ ቡድን መሰላችሁ» አሉን። እኔም መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ገባሁ።

ከመሰናበቴ በፊት ሁለት ምክር። አንደኛ፣ ጌሙ ላይ በብር የሚገዛ ሳንቲም አለ፤ የቤተሰብ ብር አታውጡበት። እኔ አንድም ሳልገዛ ነው 8ኛ የወጣሁት። በውጤቱ መወራረድም ቁማር ነው፤ ጓደኛ ያጣላል። ሁለተኛ፣ 20 ደቂቃ ይበቃል። ቀጣዩ የሒሳብ ፈተናዬ ከ20 15 ሆኗል። እሱንም በደብተሩ ዘዴ ነው ያሻሻልኩት፤ የተሳሳትኩትን ጥያቄ እየጻፍኩ የቱ ጋ እንደምሳሳት አየሁ። ችግሬ ክፍልፋይ ላይ ብቻ ነበር። እማዬ ግን አሁንም 21ኛውን ደቂቃ አትሰጠኝም።

አሁን ደብተሬን ለሁላችሁም ሰጠኋችሁ። አርሴም፣ ሲቲም፣ ሊቨርም ያነቡታል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሊግ በዚህ ታክቲክ እንደማላሸንፍ አውቃለሁ፤ አዲስ መፈለግ አለብኝ። ግን «የነጥብ ለጋሽ» ካላችሁኝ አይቀር ለሁሉም እኩል ልለግስ ብዬ ነው።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ በሜዳችሁ እየተጫወታችሁ ነው። ተጋጣሚ ከናንተ ይበልጣል፤ ሦስት ፈጣን አጥቂ አለው፤ ዳኛው ቆፍጣና ነው። አሰላለፋችሁ፣ አጨዋወታችሁና የኦፍሳይድ ወጥመዳችሁ ምን ይሆናል? ለምን? መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ምክንያት የሌለው መልስ አንቀበልም። ጥሩ መልስ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።

እስከዚያው ቸር ይግጠመን!